ሰሎሞን፣ አህያዋና ጅቡ

በዓለም ላይ እንደ ኢትዮጵያ ብዙ አህያ ያለበት አገር የለም። ይህን ያነሣሁት ለፉከራ አይደለም። ከዚያ አገር የበቀልን ሰዎች በጠራራ ፀሐይ የኔጌቭን በረሃ ቁልቁል አቋርጠን፣ በነፍስ ወከፍ የመግቢያ ከፍለን፣ አህያ ለማየት መሄዳችንን ስናገር ነገሩ ከወዲሁ ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን ነው።

ሐሳቡ የልጅቷ ነው። ለሠርግ ሄጄ ቤርሳቤህ ያረፍኩት ጎንደር አብሮ አደጌ በሆነው ጓደኛዬ ወላጆች ቤት ነበር። የልጅ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታ አርኪዮሎጂ ታጠናለች። «እንግዳው ሠርግ በልቶ ብቻ ሊመለስ ነው?» ብላ በእኔ አሳበበችና ቤተሰቡን መኪና ላይ ጫነች። አባባ ከፊት፣ እኔና እማማ ከኋላ፣ በመሃላችን የስንቅ ሳጥኑ። እማማ ለአንድ ቀን ጉዞ የሳምንት ስንቅ ነው የያዙት፤ እንጀራው፣ ድርቆሹ፣ የተቀቀለ እንቁላሉ፣ በፔርሙስ ቡናው። ልጅቷ «እዚያም እኮ ምግብ ይሸጣል» ብትላቸው፣ «በረሃ ላይ የሰው ሱቅ አይታመንም» አሉና ሳጥኑን ወደ ራሳቸው አስጠጉ።

የሄድንበት ቲምና ከኤላት በስተ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዓረባ ሸለቆ ዳር የሚገኝ፣ ገደል የከበበው ጎድጓዳ በረሃ ነው። ድንጋዩ ቀይ ነው ሲሉት ቢጫ፣ ቢጫ ነው ሲሉት ነጭ ይሆናል። አባባ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ገደሉ አፋፍ ላይ ቀንዱን ወደ ኋላ የቀለበሰ አውሬ አይተው «ዋልያ! ስሜን ገባን እንዴ?» ብለው ጮኹ። የዋልያ የቅርብ ዘመድ የሆነው የኑቢያ አይቤክስ ነበር። ልጅቷ ይህን ብታስረዳቸውም ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነው፤ «በምን አመጡት? በአውሮፕላን?»

የቦታው ዋና መስህብ «የሰሎሞን ዓምዶች» ይባላል። ከአሸዋ ድንጋይ የተሠራ ግዙፍ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ የወረደው ውኃ በብዙ ዘመን እየሸረሸረው፣ ቀይ ዓምዶች ተደርድረው ቀርተዋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ «እንጉዳይ» የሚሉት ድንጋይ አለ። ራሱ ጠንካራ፣ እግሩ ለስላሳ በመሆኑ፣ ነፋስና እርጥበት እግሩን ሲበሉት ራሱ እንደ ሰፋ ቆሟል። ሰው ሁሉ ከሥሩ እየተደረደረ ፎቶ ይነሣል። እማማ ግን ከሩቅ ቆመው «ኧረ ውጡ ከዚያ! ይሄ እኮ ዛሬም ሊወድቅ ይችላል» እያሉ በአማርኛ ይማጸናሉ። ሁለት ጀርመናውያን የሚመስሉ ባልና ሚስት ምን እንደ ተባሉ ባያውቁም ፈገግ ብለው ወጡላቸው።

ስለ ዓምዶቹ ስም ጠብ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ልጅቷ የማስተማር ወጉ ያዛትና ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካዊው ኔልሰን ግሉክ የቲምናን የመዳብ ማዕድን የሰሎሞን ነው አለ። ቤኖ ሮተንበርግ የሚባል ሌላ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 እዚያው ዓምዶቹ ሥር ሐቶር ለምትባል የግብፅ አምላክ የተሠራ ቤተ መቅደስ ቆፍሮ አወጣ። ስለዚህ መዳቡን ያወጡት ከሰሎሞን በፊት የነበሩት ፈርዖኖች ናቸው ተባለና ሰሎሞን ከሥራው ተሰናበተ።

እኔ በዚህ ጊዜ ትንሽ ተቆጣሁ። ሰሎሞን ላይ የዝምድና ጥያቄ ያለው ሕዝብ ልጅ ነኝ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥታችን ሳይቀር የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ይመዝዝ ነበር። አንድ ቆፋሪ ተነሥቶ በአካፋ ሊሽረው ነው? የአባባ ሙግት ግን ከኔ ይልቅ ጠንካራ ነበር። እሳቸው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላዊ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ባጓጓዘው «ዘመቻ ሰሎሞን» የመጡ ናቸው። «ሰሎሞን እዚህ ሥራ አልነበረውም ካላችሁ፣ እኔን ማን አመጣኝ?» ብለው በዘንጋቸው መሬቱን መቱት።

«ቆይ አባባ፣ አላለቀም» አለች ልጅቷ። ሰሎሞንን የመለሰው አህያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ኤሬዝ ቤን ዮሴፍና ባልደረቦቹ መዳቡ ይቀልጥበት በነበረ አንድ ኮረብታ ላይ ሲቆፍሩ፣ ከበሩ አጠገብ የከብት ማጎሪያ አገኙ። በማጎሪያውም የአህያ ፋንድያ። በረሃው ደረቅ በመሆኑ ፋንድያው ሳይበሰብስ ቆይቶ፣ አህዮቹ ምን እንደ በሉ እንኳ ታወቀ፤ ድርቆሽና የወይን ጭማቂ ዝቃጭ፣ ያውም ከሩቅ አገር ተጭኖ የመጣ። ዕድሜው በላቦራቶሪ ሲለካ ከክርስቶስ ልደት በፊት 10ኛው ምእት ዓመት ሆነ። ዳዊትና ሰሎሞን ነበሩበት የሚባለው ዘመን ነው። «ሰሎሞን» የሚል ጽሑፍ አልተገኘም፤ ዘመኑ ግን ተመለሰ። ከዚያ ሁሉ ፕሮፌሰር ክርክር በኋላ ለንጉሡ የመሰከረለት ፋንድያ መሆኑን ስሰማ፣ አገር ቤት ስንቱን የታሪክ ማስረጃ በየመንገዱ ረግጠን እንዳለፍን ታየኝ።

አባባ ግን አእምሯቸው ሌላ ቦታ ነው ያለው። እሳቸው ጎንደር አጠገብ ወለቃ ላይ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ የወገራን ማረሻና ማጭድ ሲያሰሉ የኖሩ ሰው። ከመንገዱ ዳር የተበተነውን የመዳብ ማቅለጫ ጥቁር ዝቃጭ አንሥተው በጥፍራቸው ፈተጉት፤ አሸተቱት፤ ከዚያም ምድጃና ወናፍ የሚነፋ ሰው የተሳለበት ሰሌዳ ፊት ቆሙ። «ይሄ ሰውዬ ወናፉን እንዲህ ከያዘ፣ እንኳን መዳብ ሽሮም አያፈላ!» አሉ። አፋቸውን ብቻ አላመኑም። ከስንቅ ሳጥኑ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢት አስወጥተው፣ መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው፣ በግራና በቀኝ እያፈራረቁ አየር ይነፉ ጀመር። አንዱ ሲሞላ ሌላው ይተነፍሳል፣ እሳቱ ለአፍታም ትንፋሽ አያጣም። እማማም ሸክላ ሠሪ ናቸውና የወናፉ አፍንጫ የሚሠራበትን ጭቃ በእጃቸው እያቦኩ ማሳየት ያዙ። ጭቃ ሳይኖር ማለቴ ነው። ከየት መጣ ያልተባለ ጎብኚ ከበባቸው። የመናፈሻው ሠራተኞች የመሰሉት ሰዎች ካሜራ አወጡ፤ አንዲት ሴት ሃያ ሼቀል ልትሰጥ እጇን ዘረጋች። አባባ ብሩን በክብር መለሱና «ማረሻ ካላት ታምጣ በላት» አሉ።

ያ ፋንድያ የተገኘበት ኮረብታ «የባሮች ኮረብታ» ይባላል። ስሙን ያወጣለት ግሉክ፣ ግንቡን አይቶ በውስጡ የታጎሩት ባሮች ናቸው ብሎ ነበር። በኋላ የተቆፈረው የምግብ ትራፊ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ለአቅላጮቹ ይቀርብ የነበረው የበግና የፍየል ምርጥ ምርጡ ሥጋ ነው፤ በዚያ በረሃ መሃል ከሩቅ ባሕር የመጣ ዓሣ ይበሉ ነበር። ከባሕር ቀንድ አውጣ በሚገኘው ውድ ሐምራዊ ቀለም የተነከረ የሱፍ ጨርቅም ከዚያው ተገኝቷል። ባሮች ሳይሆኑ የተከበሩ ባለሙያዎች ነበሩ ማለት ነው።

አባባ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገሟት። «ለቀጥቃጭ? ሐምራዊ?» አሉ፤ ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ሰማህ አንተ የጎንደር ልጅ?» ሰምቻለሁ። ምን ልላቸው እችላለሁ? ሰፈራችን ቢላውን ሁሉ የሚያሠራው እሳቸው ዘንድ ነበር፤ ከመሸ በኋላ በደጃቸው የሚያልፍ ግን አልነበረም።

በማዕድን ቆፋሪዎቹ ጠባብ ዋሻ ውስጥ እንድሳብ ተጋብዤ ገባሁ፤ ስለ ጉልበቴ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሃይ ባር ዮትቫታ አመራን። እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተ፣ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ ግራር የበቀለበት የዱር እንስሳት መጠበቂያ ነው፤ ሰው ከነመኪናው ይገባል። አባባ የቲኬቱን ዋጋ ሲሰሙ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ለቆራጯ ያልተናገሯትን ሁሉ ለልጅቷ ተናገሯት። ገና ከመግባታችን አንዲት ሰጎን አንገቷን በመስኮት አስገብታ የፔርሙሱን ክዳን ትጠቀጥቅ ገባች። ልጅቷ «መስኮት ዝጉ! መመገብ ክልክል ነው!» ትላለች። እማማ «ኧረ ቡና ሸቷት ነው፣ ነውር ነው» ይላሉ። ሰጎኗ ክዳኑ እንደማይበላ ሲገባት ተቀይማ ሄደች።

ከዚያ አህያዋ መጣች። ግራጫ፣ ጸጉሯ ያብለጨለጨ፣ እግሮቿ ላይ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁር ጥቁር መስመር ያለባት። ልጅቷ ሞተሩን አጥፍታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ማስረዳት ጀመረች። የአፍሪካ የዱር አህያ ናት። በዱር የቀሩት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ እነሱም በኤርትራና በኢትዮጵያ አፋር። የያንጉዲ ራሳ ፓርክ የታሰበው ለነሱ ነው። በዓለም ያለ የቤት አህያ ሁሉ የዘር ግንዱ ይህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዘረ መል ጥናት፣ ሰው አህያን ያላመደው ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ነው ብሏል።

አባባ በጥሞና ካዳመጡ በኋላ መጠየቅ ጀመሩ።

«ምን ትጭናለች?»

«ምንም።»

«ማን ያበላታል?»

«መንግሥት ነዋ፣ አባባ።»

«ብትታመም?»

«ሐኪም አላት።»

«ዕብራይስጥ ተምራለች?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ፣ «ይቺስ ከኛ የተሻለ ነው የተቀበሏት» ብለው ወንበራቸው ላይ ተደላደሉ።

መጨረሻ የገባነው የአዳኝ አራዊት ማቆያው ውስጥ ነው። ተኩላ፣ ነብር፣ ቀበሮ እያልን አለፍንና ጅቡ ዘንድ ደረስን። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይህኛው ግን በእርግጥም ጥላ ያለው ማደሪያ ተሰጥቶት ተጋድሟል። የዚህ አገር ጅብ ባለ መስመር ነው፣ ከኛውም ያንሳል። አባባ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ከስተሃል» አሉት፤ «ደግሞ ጥለት ያለው ለብሰሃል።» ከዚያ አጥሩን ተደግፈው «ዘመዴ፣ አንተንም አመጡህ?» አሉት።

እኔ አቀረቀርኩ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይስቃሉ። ልጅቷ ግን አልገባትም፤ ቡዳ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም። አባባ አስረዷት። አገር ቤት ቀጥቃጭ ሁሉ ሌሊት ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ እንደሚታማ፣ ቀን ማረሻ የሚያሠራቸው ሰው ማታ በሩን እንደሚጠረቅም፣ አንድ ጎረቤትማ «በዓይኔ በብረቱ አየሁት» ብሎ እንደማለ።

«አባባ!» አለች ዓይኗ ፈጦ። «ታዲያ ትሆን ነበር?»

«እኔ ተኝቼ ምን አውቃለሁ?» አሉ። «የሚያዩኝ እነሱ ናቸው።»

«ውሸት ነው» አሉ እማማ፣ ከፔርሙሱ የተረፈውን ቡና እየቀዱ። «ከጎኑ እኔ አለሁ አይደል? ሌሊቱን ሙሉ ሲያንኮራፋ ነው የሚያድረው። ምነው በሄደልኝና እንቅልፌን በጠገብኩ!»