አምፖሉ በራ፣ ጫጩቱ በረደው

ደጋ ላይ ጫጩት የምናሳድግ ሰዎች ከህዳር እስከ ጥር ደህና እንቅልፍ የለንም። ደብረ ብርሃን ያለነው፣ ፍቼ ያለነው፣ አዲስ አበባ ጓሮ በቆርቆሮ ክፍል ዶሮ የጀመርነው፣ ሌሊቱን ስንነሳ ስንተኛ እናነጋለን። የቀኑ ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ማታ ውርጩ ይወርዳል። ሲነጋ በሩን ከፍተን፣ ጥግ ላይ አንዱ ባንዱ ተደራርበው ከስር የታፈኑትን እንለቅማለን። ፈንግል አይደለም፣ ሌላ በሽታም አይደለም፤ ብርድ ነው። ጎረቤት ግን "መድኃኒት አልሰጣችኋቸውም እንዴ?" ይለናል።

የአንድ ቀን ጫጩት የራሱን ሙቀት መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ እየቀነሰ ላባው እስኪሞላ ይቀጥላል። ይህን ቁጥር የማይነግረን የለም። ካርቶኑን ያስረከበን ሻጭ ይነግረናል፣ መኖ የሸጠልን ይነግረናል፣ በስልክ የጠየቅነው ሁሉ ይነግረናል። የእኛ ክፍል ሌሊት ስንት ዲግሪ እንደሚወርድ ግን የጠየቀን ሰው የለም። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "አምፖል ጨምሩ።"

የቱን አምፖል? ሱቅ ገብተን ባለ መቶ ሻማ ስንል ባለሱቁ ኃይል ቆጣቢ ያወጣልናል። "እሱ ቀርቷል ጋሼ፣ ይሄ ይሻላል፣ ቆጣሪ አያስሮጥም" ይላል። ልጁ አልዋሸም፤ ለሳሎን ይሻላል። የድሮው አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላዩን ወደ ሙቀት ነበር የሚለውጠው። ብርሃን ለሚፈልግ ሰው ያ ብክነት ነው፤ እኛ ግን የምንፈልገው ያንኑ ነበር። አሁን ክፍሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ጫጩቶቹም በደማቁ ብርሃን ውስጥ እየተንቀጠቀጡ ይጮሃሉ። ባለ 250 ዋት ቀይ የማሞቂያ አምፖል አለ። እሱን ያገኘን ቀን ደግሞ አከራያችን ትመጣለች፤ ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ መብቷ ነው።

ከዚያ መብራት ይጠፋል። ማታ ይጠፋል፣ ሳይነገረን ይጠፋል፣ ብርዱ በበረታበት ሰዓት ይጠፋል። ተነስተን ውሃ እናሞቃለን፣ በጀሪካን ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን መሃላቸው እናስቀምጣለን። ሲበርድ ደግሞ እናሞቃለን። ከሰል አቀጣጥሎ የሚያስገባም አለ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ ሽታ የለውም፣ ጫጩቱንም አሳዳጊውንም ይገድላል። ያን ሰው አንፈርድበትም፤ ሌላ መንገድ ያሳየው የለም።

የሚያንገበግበን ይህ ሁሉ ሙቀት የት እንደሚሄድ ማወቃችን ነው። በቆርቆሮው ግድግዳ ይሄዳል። ኮርኒስ በሌለው ጣሪያ ይሄዳል። በበሩ ስር ይሄዳል። በሊሾው ወለል ይሄዳል፤ ጫጩት በሆዱ የሚተኛው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ሙቀት በውድ እየገዛን በወንፊት እንቀዳለን፤ የሚመክሩን ሁሉ የሚያወሩልን ስለ አምፖሉ ነው፣ ስለ ግድግዳው የሚያወራ የለም።

እንዝጋው ብለን ላስቲክ ስንወጥር ሌላ ጣጣ ይመጣል። ትንፋሽና ኩስ ያረጠበው አየር መውጫ ያጣል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ አሞኒያው ዓይን ያቃጥላል፣ ጫጩቶቹ ያነጥሳሉ። አንዱ "ዝጉት" ይለናል፣ ቀጣዩ "ክፈቱት" ይለናል። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ከታች ጫጩቱ ባለበት ከፍታ መዝጋት፣ ከላይ ጣሪያው አጠገብ መክፈት ነው። ይህን አሟልቶ ለመናገር ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

መፍትሔውም ውድ አይደለም። ደረቅ ጭድ በውስጡ አየር ይይዛል፤ የተያዘ አየር ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ጭድ በማዳበሪያ ሞልቶ ከአምፖሉ አርቆ ግድግዳው ስር መደርደር፣ ወለሉ ላይ ካርቶን አንጥፎ ሰጋቱራውን ወፈር ማድረግ፣ እንዳይደራረቡ ጥግ የሌለው ክብ አጥር ማበጀት ነው። ከዚህም የተሻለ አለ፦ ዙሪያው በጭድ የታጨቀ፣ ላዩ የጭድ ትራስ የሚደፋበት የእንጨት ሳጥን። ጫጩቶቹ ቀን ወጥተው ይበላሉ፣ ማታ ገብተው በራሳቸው ገላ ሙቀት እየተሟሟቁ ያድራሉ። መብራት ቢጠፋ ቢመጣ አይመለከታቸውም። እዚሁ አገራችን ተሞክሮ የሠራ ነገር ነው፤ ገበያ ወጥተን ብንፈልገው ግን የሚሸጥልን የለም።

ጫጩት የምትፈለፍሉና የምትሸጡ ወገኖቻችን፣ በህዳርና በታህሳስ ካርቶኑን ስታስረክቡን ስለ ክትባቱ እንደምትነግሩን ስለ ክፍሉም ንገሩን። ከተቻለ ሳጥኑን አብራችሁ ሽጡልን። ካልተቻለ በብርዱ ወራት ለደጋው ሰው የ45 ቀኑን ጫጩት አቅርቡልን፤ ላባውን አውጥቶ የመጣ ሌሊቱን ይችላል። ዋጋው ከፍ ቢልም ለአምፖል የምናወጣውን ጨምረን እንከፍላለን።