ማዘዣ የሌለው መዘዝ

«ሽንት ብቻ ነው የሚያሸናው፤ ምን ያመጣል?» ይላል አያ ዋጤ፣ አዴት ገበያ መሀል ቆሞ፣ የጎረቤቱን የላሲክስ ክኒን በመዳፉ ይዞ። አያ ዋጤ ሆይ፣ ጎርፍም እኮ ውሃ ብቻ ነው! ድልድይ ይዞ ሲሄድ አላየህም?

የጎጃም ልጅ ነህ፤ ቅኔ ሲዘረፍ እየሰማህ አድገሃል። ታዲያ ሰሙን አንጠልጥለህ ወርቁን የጣልከው ምን ነክቶህ ነው? የዚህ ክኒን ሰሙ ሽንት፣ ወርቁ ጨው ነው። ኩላሊትህን ጨው ያስጥለዋል፤ ውሃው ጨውን ተከትሎ ይወጣል፤ ሲወጣም ፖታሲየምን ይዞ ይሄዳል። ፖታሲየም ሲጎድል ባትህ ይሸመቀቃል፣ ጉልበትህ ይዝላል፣ የልብህ ምት ይዛባል። አንተ ሽንትህን ስትቆጥር ልብህ ቆጠራው ጠፍቶበታል!

«ጎረቤቴ ድኖበታል።» ጎረቤትህ ልቡ ደክሞ፣ ተመርምሮ፣ በልኩ ታዞለት ነው። ላንተ ማን አዘዘልህ? ጎረቤት! ሐኪም ሲያዝ ማዘዣ ይባላል፤ ጎረቤት ሲያዝ መዘዝ ይባላል። በሬ ብትዋስ ታርስበታለህ፤ ክኒን ብትዋስ እሱ ያርስሃል።

«እግሬ አብጦ ነዋ!» እናንተ ከበርበሬው ወዲህ የቆማችሁ፣ ፍረዱ! የቱ እብጠት? ልብ ሲደክም እግር ያብጣል። ኩላሊት ሲታመም ያብጣል። ጉበት ሲጎዳ ያብጣል። አምሎዲፒን የሚባለው የግፊት መድኃኒት ራሱ ቁርጭምጭሚት ያሳብጣል። እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ አለ፤ ቀዩን አፈር ለዓመታት በባዶ እግር ሲረግጡት የሚመጣው ዝሆኔ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ከመቶ ሰው 3 ያህሉን ይዞ አግኝቶታል። ዝሆኔ በላሲክስ አይወርድም። እግርን በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ጫማ ማድረግ ነው መላው። ነገሩ የመጣው ከእግርህ ሥር፤ አንተ መድኃኒት የምትልከው በአፍህ! ጫማ አምጣ ያለ እግር ክኒን ሲጎርስ ምን ይበልህ?

«ማታ ነው የምውጠው፤ ቀን ሥራ አለብኝ።» ላሲክስ ስሙ የወጣለት «ስድስት ይቆያል» ከሚል የእንግሊዝኛ አባባል ነው ይባላል። በአፍ ሲወሰድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምርና 6 ሰዓት ገደማ ይሠራል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከዋጥከው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ደጅ ነህ። ስትወጣ ስትገባ የገዛ ውሻህ ሌባ ነህ ብሎ ይጮህብሃል። ብድግ ስትል ደግሞ ግፊትህ ቁልቁል ይወርድና ዓይንህ ይጨልማል፤ ግፊቱን ላስወርድ ብለህ ራስህ ከደረጃው ትወርዳለህ! ሐኪም ያዘዘልህ ከሆነ ጠዋት ዋጠው። ሁለቴ ከታዘዘልህ ሁለተኛው ከምሳ በኋላ ብዙ አይቆይ። ከመኝታህም ቀስ ብለህ ተነሥ።

«ክኒኑ ስላለ ጨው አልፈራም።» ክኒኑ በጓሮ ያስወጣል፣ አንተ በደጅ ታስገባለህ! የቡሬ በርበሬ ምን አጠፋ? ጨው ያበዛህበት አንተ። እስቲ ጨዋ ሁን፤ ባንተ ቤት ጨዋነት ከጨው መራቅ ነው።

«ፖታሲየም ከጎደለ ድንች እበላለሁ።» አሁን ገና አፍህ ቁም ነገር ቀመሰ! አዴት ድንቿ የታወቀ ነው፤ የግብርና ምርምር ማዕከሏም ዝርያውን ሲያሻሽል ኖሯል። ግን የምትውጠው የቱን ነው? ፍሩሰማይድ (ያው ላሲክስ) እና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ፖታሲየም ያስወጣሉ። ስፓይሮኖላክቶን ግን ያስቀራል። እሱን እየዋጥክ ድንችና ሙዝ ብታበዛ ፖታሲየሙ ሞልቶ ልብህን ሊያቆመው ይችላል። ጎድሏል ወይስ ሞልቷል የሚለውን የደም ምርመራ ይንገርህ፤ ሆድህ አያውቅም።

«ወገቤን ሲያመኝ ዳይክሎፌናክ እጨምራለሁ።» ጨምር፣ ጨምር! ኩላሊትህ አንድ ጠላት አንሶት ነው? ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የክኒኑን ሥራ ያደክማሉ፤ ኩላሊትንም ይጎዳሉ። ተቅማጥና ትውከት ሲይዝህ፣ ወይም ጾም ገብቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳትቀምስ ስትውል፣ ሐኪምህን ሳትጠይቅ እንዳትቀጥል፤ ሳትጠይቅም እንዳትተው።

«ደህና ስለሆንኩ አቆምኩት» የምትለው ያችኛዋ እህቴ፣ አንቺንም አይቼሻለሁ። ደህና ያደረገሽን አባረሽ ደህንነቱን ልታስቀሪ? ልብሽ የደከመ ከሆነ ክኒኑ ሲቋረጥ ውሃው ተመልሶ ሳንባሽ ላይ ይተኛል፤ ያኔ አንቺ ጋደም ማለት አትችይም።

መድኃኒቱ በትክክል የታዘዘላችሁ ደግሞ ጠዋት ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ቁርስ ሳትቀምሱ ተመዘኑ። ሚዛን የለኝም ያለ እህል ነጋዴው ዘንድ ይሂድ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመራችሁ ጤፍ አላፈራችሁም፤ ውሃ ነው፤ ቶሎ ወደ ሐኪም።

አንተ ግን አያ ዋጤ፣ መጀመሪያ ያቺን በመዳፍህ የያዝካትን ክኒን ለጎረቤትህ መልስለት። የነገ ጠዋት ክኒኑ እሷ ነች።