ሩፔል «ኤፍ» አገኘ

የፍራንክፈርቱ ሰው ኤድዋርድ ሩፔል ዛሬ ባዮሎጂ ቢመዘገብ አንደኛውን ሴሚስተር አይሻገርም። ምስኪን! ሲኒየር የለው፣ ሀንዳውት የለው፣ የቴሌግራም ግሩፕ የለው፤ እንስሳውን በዓይኑ ለማየት በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስሜን ተራራ ድረስ መውጣት ግድ ሆነበት። ሪፖርቱንም አዘገየ። ዋልያንና ጭላዳን በ1835 ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ቀይ ቀበሮን ግን እስከ 1840 አቆያት። አምስት ዓመት! በእኛ ጊዜ ላብ ሪፖርት ዓርብ 11 ሰዓት ካለፈው አይቀበሉትም። ይባስ ብሎ ቀበሮዋን በስሜን ስም «ካኒስ ሲሜንሲስ» አላት። ስላይዱ ላይ የሌለ ስም ከየት አመጣህ ተብሎ ሌላ ሁለት ማርክ ይቀነስበታል።

እኛ ተመስገን ነው፣ ከእንዲህ ያለው እንግልት ወጥተናል። እኔ በተማርኩበት ግቢ (ስሙ ይቆየን) የመጀመሪያው ላብ የሽንኩርት ልጣጭ ነበር። ልጣጩ ላይ አዮዲን ጠብ አድርገን ለአንዲት ማይክሮስኮፕ ተሰለፍን። ተራዬ ሲደርስ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ከኋላዬ የነበረው ልጅ የአየር አረፋ አየና «ኒውክለስ!» ብሎ ጮኸ። ምን ችግር አለው? ሥዕሉ ከሦስት ዓመት በፊት በአንድ ሲኒየር እጅ ተሥሎ አልቋል፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። ሲኒየሩ ተሳስቶ ክሎሮፕላስት ጨምሮበት ነበር፤ እሱንም ገለበጥን፤ በአረንጓዴ ቀባነው እንጂ! በሽንኩርት ልጣጭ ውስጥ ክሎሮፕላስት የለም፤ ሽንኩርቱን ግን ማን ጠየቀው? ሁላችንም አሥር ከአሥር። በኋላ ጀነቲክስ ላይ፣ ሲገለበጥ የተፈጠረ ስሕተት ለልጅ ልጅ እንደሚተላለፍ መምህሩ ሲያስረዱ ነገሩ ያልገባው ተማሪ አልነበረም። በተግባር የተማርነው እሱን ብቻ ነው። ያ ክሎሮፕላስት ዛሬም በሕይወት እንዳለ ከታናናሾቼ ሰምቻለሁ።

ፓራሲቶሎጂ ደግሞ አለላችሁ። የኮሶ ትልን የሕይወት ዑደት ያልሣለ የለም፤ ከከብት ጡንቻ ወደ ሰው አንጀት፣ ቀስቱ በቀይ፣ እንቁላሉ በሰማያዊ እስክሪብቶ። በክፍሉ አንደኛ የወጣው ጓደኛችን ውጤቱን ለማክበር የጋበዘን ቁርጥ ነበር። እኔም በላሁ፤ ማን ይጠላል? መድኃኒቱን «ሀጌንያ አቢሲኒካ» ብለን ያለ ፊደል ግድፈት የምንጽፍ ሰዎች፣ ዛፉን መንገድ ላይ ብናገኘው ሰላም ሳንለው ነበር የምናልፈው። በ1770 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ ግን ኮሶን በሥዕል አስቀርቶ ከ20 ዓመት በኋላ በመጽሐፉ አሳተመው። ፈረንጅ ሥራ ፈት ነው።

ወደ ኢኮሎጂ ስንመጣ፣ ሣር በል እንስሳ ጥቀስ ስንባል ካንጋሮ እንል ነበር። ከዝንጀሮ ወገን ዋነኛ ምግቡን ሣር አድርጎ የሚኖረው ጭላዳ፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ሳንቃበር ላይ መንጋውን ይዞ ሲግጥ ይውላል፤ ለፈተና ግን አይመጣም። ዓለም ስሜንን በ1978 (እ.ኤ.አ.) በቅርስነት መዝግቦታል፤ የእኛ ኮርስ ገና አልመዘገበውም።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና መጣልንና ነገሩ ሁሉ ተጠናቀቀ። አሁን ዋልያም፣ ቀበሮም፣ ሽንኩርትም ከአራት ፊደላት አንዱ ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ተጭነው ያልፋሉ። ጅብራ ስሜን ላይ ብዙ ዓመት ቆማ ትቆይና አንዴ አብባ ትሞታለች። ተማሪያችንም እንዲሁ ነው፤ አራት ዓመት ይቆማል፣ የመውጫ ፈተናው ዕለት ያብባል፣ በማግስቱ ይረግፋል። ልዩነቱ ጅብራ ዘር መጣሏ ነው።

ኬሚካል የለም፣ የመስክ በጀት የለም፣ መንገዱም ሰላም አይደለም ይባላል። እውነት ነው፤ በዚህ አልቀልድም። ብቻ ሀንዳውቱ ስለ ጥድ ሳይሆን ስለ ፈረንጅ ፓይን ዘር አያያዝ ስድስት ገጽ ሲተነትን ቆይቶ፣ በቃል ያልሸመደደ ሁሉ «ሲ» ተሰጠው። የሐበሻ ጥድ ፍሬው እንደ ፓይን ቅርፊታም አይደለም፤ ትንሽና ድቡልቡል ነው። ወንዴና ሴቴውም አብዛኛውን ጊዜ በየራሱ ዛፍ ላይ ነው። ይህን ለማየት አዮዲን አያስፈልግም፣ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም፣ የመኪና ነዳጅም አያስፈልግም። ጥዱ እዚያው ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ውስጥ ቆሟል። ከፒያሳ በእግር ይደረሳል።