ሰርቨሩ ሲወድቅ ሰርተፍኬቱን አሳዩት

የአይቲ ባለሙያ ቅጥር በአገራችን ምን ያህል እንደረቀቀ ለማየት አንድ የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ይበቃል። የትምህርት ደረጃ፦ በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ። የሥራ ልምድ፦ ዜሮ ዓመት። ከግርጌ ደግሞ «ሲሲኤንኤ እና ኤምሲኤስኢ ያለው ይመረጣል» ይላል፤ ሁለቱም የአይቲ ሰርተፍኬቶች ናቸው። የሲሲኤንኤ ፈተና ዋጋው 300 ዶላር ነው። ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ገንዘብ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ደመወዝ አይቶ ለማያውቅ ተመራቂ ይህ ምን አላት! ኤምሲኤስኢ ግን ምንም አያስወጣም፤ ማይክሮሶፍት ራሱ በጥር 2013 አቁሞታልና። ዘንድሮ ተመርቆ ኤምሲኤስኢ ይዞ የሚቀርብ ልጅ ከተገኘ፣ ባለቤቱ የቀበረውን ከመቃብር ያስነሳ ነውና በእርግጥም ሊመረጥ ይገባዋል።

ለፈተናው ራውተር መንካት ያስፈልጋል የሚል ካለ ዳምፕ የሚባለውን በረከት አያውቅም ማለት ነው። ከፈተናው የተሰረቁ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው በፒዲኤፍ ተጠርዘው በቴሌግራም ይደርሳሉ። ጎበዙ ሸምዳጅ ጥያቄውን ገና እስከ ግማሽ ሲያነብ መልሱ «ሐ» መሆኑን ያውቃል፤ ዳምፑ ተሳስቶ ከሆነም ስህተቱን በታማኝነት ይዞ ይገባል። ነገሩ የኛ ፈጠራ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካኖችም «የወረቀት ኤምሲኤስኢ» የሚሏቸው ሹማምንት ነበሯቸው። የሽምደዳው ፍሬ የሚታየው የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ከዋናው መሥሪያ ቤት የተቆረጠ ዕለት ነው። ገንዘብ ከፋይዋ «ሲስተም የለም» እያለች ደንበኛ ትመልሳለች፤ ባለ ሰርተፍኬቱ ስዊቹ ፊት ቆሟል፤ መብራቱ ብርቱካናማ ነው። ስዊቹ ላይ ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚል አልተጻፈም።

«ታዲያ ዘመድ የሌለው ልጅ በምን ይቀጠር?» የሚል ሙግት ይነሳል፤ እውነትም ቀላል ሙግት አይደለም። ፈተና ከአጎት ፊርማ ይሻላል። ችግሩ ክፍያው በዶላር መሆኑ ነው፤ ዶላር የሚከፍለው ካርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ውጭ አገር በሚኖር ዘመድ ኪስ ውስጥ ነው። ዘመድን በፈተና እንተካለን ብለን ተነስተን የቦሌውን አጎት በዲሲው አጎት ተካነው። አልሸሹም ዞር አሉ!

ዲሲ ከተነሳ አይቀር፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለው ሐበሻ ሴኩሪቲ ፕላስ የተባለውን የመረጃ ደህንነት ሰርተፍኬት የሚያሳድደው በከንቱ አይደለም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በ2005 (እ.ኤ.አ.) የመረጃ ደህንነት ሥራ የሚሠሩለት ሁሉ፣ የኮንትራክተር ሠራተኞችም ጭምር፣ የታወቀ ሰርተፍኬት እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። እዚያ ወረቀቱ በር ይከፍታል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በ2023 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የሚኒስቴሩ መመሪያ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፣ ሠራተኛው ሥራው ላይ መቻሉ ይመዘን ይላል። የኛ ቀጣሪዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ወስደዋል። ሁለተኛው ሥራ ይጠይቃላ!

ደግሞ ሁሉም ሰርተፍኬት አንድ ነው አልተባለም። ሲሲአይኢ ለማግኘት ስምንት ሰዓት ሙሉ ኔትወርክ እየሠሩና እየጠገኑ መፈተን አለ፤ ሲአይኤስኤስፒ ደግሞ ፈተናውን ላለፈ ሁሉ አይሰጥም፣ አምስት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የሚከበሩት ወረቀቶች ራሳቸው ወረቀትን አያምኑም ማለት ነው። የቅጥር ኮሚቴዎቻችን ግን በዚህ ተታለው አመልካቹን አንድ የተበላሸ ስዊች፣ አንድ ኬብልና ግማሽ ሰዓት ሰጥተው እንዳይፈትኑት አደራ። እንዲህ ያለው ፈተና አደገኛ ነው፤ ከኮሚቴው ቢያንስ አንዱ ስዊቹ ምን እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል። ፎቶኮፒን ከኦሪጅናሉ ጋር አመሳክሮ ማኅተም ለመምታት ግን ማኅተሙ ብቻ ይበቃል።