ወፍጮ ቤት የቀረበው ጌታ

በርበሬ ማስፈጨት ቀላል ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ የእኔን ባለቤት አያውቃትም። በርበሬው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ተደልዞ፣ እንደገና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ኮረሪማው ጥቁር አዝሙዱ ገብቶበት ማዳበሪያ ውስጥ እስኪከተት ድረስ ወገቧ ተቆርጧል። ለእኔ የቀረችኝ ሥራ ተሸክሞ ሄዶ አጠገቡ መቆም ብቻ ነበረች። «ዓይንህን እንዳትነቅል» አለችኝ በሩ ላይ፤ «ከሰው እህል ጋር እንዳይቀላቀልብህ። ስልክህንም እንዳታወጣ።» ስልኬን አላወጣሁም። ይህን በኋላ ስከራከርም ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ፤ የሰማኝ የለም እንጂ።

የእህቴን ልጅ አስከትዬ ነበር። ጎረምሳ ነው፣ ማዳበሪያውን ይሸከምልኛል ብዬ። ተሸከመም። ግን እኔና እሱ አንድ የቆየ በሽታ እንጋራለን፤ በሽታው ዳርክ ሶልስ ይባላል። በሰፈራችን ጌም ቤት ብትገባ ሁሉም ኳስ ላይ ነው፤ ይጮኻሉ፣ ይሸናነፋሉ፣ ሒሳብ ከፍለው ይወጣሉ። የእኛ ግን የጤና አይደለም። እኔ በዚህ ዕድሜዬ፣ ባለቤቴ ከተኛች በኋላ፣ ድምፁን ዘግቼ፣ አንድ ዘንዶ እየደጋገመ ሲገድለኝ አመሻለሁ።

ለማታውቀው ላጫውትህ። ጨዋታውን የጃፓኑ ፍሮም ሶፍትዌር ያወጣው በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዋና አዘጋጁ ሂዴታካ ሚያዛኪ ልጅ ሳለ በእንግሊዝኛ የተጻፉ፣ ከአቅሙ በላይ የሆኑ መጻሕፍት ያነብ ነበር፤ ያልገባውን ክፍል በራሱ ግምት እየሞላ ያልፋል። ጨዋታውንም እንደዚያው ሠራልን። ታሪኩን ቁጭ አድርጎ የሚተርክልህ የለም። ከቀለበት ማብራሪያ አንድ መስመር፣ ከሰይፍ ማብራሪያ አንድ መስመር ትለቅማለህ፤ የቀረውን ከእህትህ ልጅ ጋር ትጣላበታለህ።

በዚያ ቀን የተጣላንበት ግዊን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ዓለም ጭጋግ ነበረች፤ ግራጫ ቋጥኝ፣ ግዙፍ ዛፍና የማይሞቱ ዘንዶዎች። ከዚያ እሳት ተነሣ፤ ከእሳቱም ጋር ሙቀትና ብርድ፣ ሕይወትና ሞት፣ ብርሃንና ጨለማ መጡ። እሳቱ ዘንድ ቀርበው ኃያል ነፍስ ካገኙት አንዱ የፀሐይ ብርሃን ጌታ የሚባለው ግዊን ነው። የዘንዶዎቹን የድንጋይ ቅርፊት በመብረቅ ገሸለጠው። ሲዝ የተባለ ቅርፊት አልባ ዘንዶም ወገኖቹን ከድቶ ረዳው (ያለ ከዳተኛ የተገኘ ድል ካለ ንገሩኝ)። ግዊን ነገሠ። እሳት ደግሞ እሳት ነውና በጊዜው መክሰም ጀመረ። ግዊን ዘመኑ ሲያልፍ ተቀምጦ ማየት አልሆነለትም፤ ከነፍሱ ለዘመዶቹ አከፋፍሎ፣ ባላባቶቹን አስከትሎ ወደ እሳቱ ምድጃ ሄደና ራሱን ማገዶ አደረገ።

የእህቴ ልጅ «ጀግና ነው» ባይ ነው። «ጋሼ፣ በሥልጣን ላይ ሆኖ ራሱን የሚያነድ ሌላ ማን ታውቃለህ?» ይላል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ስለዚህ አልመለስኩለትም፤ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። እኔ የያዝኩት ወገን፣ እሳቱ ሲከስም የሚመጣው የሰው ዘመን ነው የሚለውን ነው። ጨለማዋን ነፍስ ያገኘው፣ ሁሉም የሚረሳው ያ ድንክ የሰዎች አባት ነው፤ ግዊን የፈራው ብርዱን ሳይሆን የእኛን መምጣት ነው። ወፍጮው ይጮኻል፤ እኔም ከወፍጮው በላይ ልሰማ ብዬ፣ «ሰውየው እኮ ተራው ሲያልቅ አላስረክብም ያለ ነው!» አልኩ።

ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ ቆመህ እንዲህ ያለ ነገር አይባልም።

ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ከኋላዬ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ነበሩ፤ የተቆላ አተር ለሽሮ ይዘዋል። «ማነው ተራ አላስረክብም ያለው?» አሉኝ፣ ዓይናቸው ጤፍ የተሸከመውን ምስኪን ሰውዬ ከላይ እስከ ታች እየመረመረ። «እዚህ የለም፣ እማማ፤ አምላክ ነው፤ ማለቴ በጨዋታው ውስጥ…» ስል አማተቡ። ሌሎቹም አማተቡ። ወዲያው ከአምላክነት ወደ ጌታ አወረድኩት፤ ጌታም ስላስቆጣ ንጉሥ አልኩት፤ ወፍጮው ፋታ ሲሰጠን «ሰውየው» ሆኖ አረፈው። ስንት ዘንዶ የፈጀ ኃያል በወፍጮ ቤት እንዲህ በአንድ አፍታ ተሻረ።

አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። እማማ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» ሲሉኝ ለበርበሬው ጀርባዬን ሰጥቼ ከጭጋጉ ጀመርኩ። ሰልፉ ጠበበና ከበበኝ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አዳምጦኝ አያውቅም፤ የሆንኩትን ሁሉ የሆንኩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

«ታዲያ ራሱ ከነደደ ምን አጠፋ?» አለች አንዷ። የእህቴ ልጅ ደረቱን ነፋ።

«አብረውት የሄዱትስ?» አሉ እማማ። ባላባቶቹ በእሳቱ ነድደው አመድ መሆናቸውን፣ ዛሬም ጠቁረው በየዓለሙ እንደሚዞሩ ነገርኳቸው። «ጠይቋቸው ነበር?» ጨዋታው ይህን አይናገርም። «እሳት አመድ ይወልዳል» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔ ይህን ተረት ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ ከግዊን ጋር አገናኝቼው አለማወቄ ገረመኝ።

«ከዚያ በኋላስ እሳቱ ዳነ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። አልዳነም። ጊዜ ቆይቶ እንደገና ይከስማል፤ እንደገና የሚነድ ያስፈልገዋል። የሚነደው ደግሞ ከሰው ወገን ነው፤ የእርግማን ምልክት ወጥቶበት መሞት ያቃተው ምስኪን፣ «የተመረጥክ ነህ» ተብሎ ይላካል። ፍራምፕት የሚባል ጥርሰ ገጣጣ እባብ መንገዱን ያሳየዋል። አኖር ሎንዶ ሲደርስ ከተማዋ በፀሐይ ታበራለች፤ አንዲት ልዕልት ፈገግ ብላ ትቀበለዋለች። ፀሐይዋ ግን የግዊን ልጅ ግዊንዶሊን የፈጠረው ማታለያ ናት። ልዕልቲቱም ጥላ እንጂ እውነተኛዋ ከተማዋን ትታ ከሄደች ቆይታለች፤ ባልም አግብታለች።

እማማ ይህን ሲሰሙ የአተሩን ከረጢት መሬት አስቀመጡ። «ራሱ መንደዱ ደግ። የሰውን ልጅ ግን በውሸት ፀሐይ እያባበለ ለምን ይልካል?»

እኔና የእህቴ ልጅ ስንት ሌሊት የነፍስ ዓይነት፣ የዘመን ዓይነት ስንቆጥር ኖረን እንዲህ አላልነውም። ልጁ «ግዊን ራሱ እኮ አልላከም፤ ከሄደ በኋላ ልጆቹና እባቡ ናቸው…» ብሎ ሊሞግት ሞከረ፤ ለእኔ ይህ ክርክር እስከ ዛሬም ጥሩ ክርክር ነው። ሴቶቹ ግን ቀድመው ሌላ ነገር ይዘዋል፤ «ልጆች» የምትለዋን። ስንት ልጅ አለው? የበኩሩስ? የበኩሩ የጦርነት አምላክ (የጦር አዛዥ አልኳቸው) እንደነበር፣ በቂልነቱ ክብሩ ተገፎ ከታሪክ መዝገብ እንደተፋቀ፣ ስሙን እንኳ የሚያውቅ እንደሌለ ነገርኳቸው። ሰልፉ በአንድ ድምፅ ፈረደ። የእሳቱ ጉዳይ ቀረ። ዘንዶዎቹ ቀሩ። የገዛ ልጁን ስም የሚፍቅ ሰው ስለ ዓለም መጨረሻ ምን ያገባዋል ተባለ።

እኔ ግን ይግባኝ አልኩለት። ስቃወመው የነበርኩት ሰውዬ ሁሉም ሲነሣበት አሳዘነኝ። ስንደርስበት ምን እንደሚመስል አልነገርኳችሁም አልኩ። አመድ መሐል ብቻውን የቆመ፣ የነደደ ሰይፍ የያዘ ሽማግሌ ነው፤ ልቡናውም የለም፤ በብዙው ውጊያ ከበሮና መለከት ሲጮህ እሱ ጋ ስትደርስ ቀስ ያለች ፒያኖ ብቻ ናት። ሰይፉን ሲሰነዝር ጋሻህን በሰዓቱ ገፋ ካደረግክበት ይንገዳገዳል። ይህን በቃል ማስረዳት ስላቃተኝ ጥግ የቆመውን መጥረጊያ አንሥቼ ግዊንን ሆንኩላቸው። የእህቴን ልጅ ጋሻ እንዲሆን አቆምኩት። ተንገዳገድኩ። የምሬን ተንገዳገድኩ።

በዚህ መሐል ፈጪው «በርበሬው የማን ነው?» ብሎ ተጣርቷል ይላል። በሰፈራችን ወፍጮ ቤት ለጤፍ አንድ፣ ለሽሮና ለበርበሬ አንድ ወፍጮ ነው ያለው። ባለቤት ሲያጣ በርበሬውን ገለበጠ፤ ከአጠገቡ መሬት ላይ የተቀመጠውንም ከረጢት የእኔው ትርፍ መስሎት አከለበት። ነገር ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ እኛ ያወቅነው ስናስነጥስ ነው። እማማ ወደ መሬት አዩ፤ አተራቸው የለም። ወደ ወፍጮው አፍ አዩ፤ ቀይ ያልሆነ፣ ቢጫም ያልሆነ ዱቄት ይወርዳል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። መጥረጊያውን ገና አልጣልኩትም ነበር።

ግዊንን ትተው እኔን ያዙኝ። ፈጪው መጣራቱን ማለ። ጤፍ የያዘው ሰውዬ፣ ያ በሐሰት የተጠረጠረው፣ ደስ እያለው መሰከረብኝ። የእህቴ ልጅ ደግሞ አንገቱን ሰብሮ፣ «እኔ እንኳ ተራችን ደርሷል ልለው አስቤ ነበር» አለ። ሲዝ! ገንዘብ ልክፈል ብል እማማ «ብር ወጥ ይሆናል?» አሉኝ። በመጨረሻ ሰልፉ ዳኘን፦ ዱቄቱ እኩል ይከፈል፣ እኔ ሌላ አተር ገዝቼ፣ አስቆልቼ፣ ቤታቸው ድረስ ላድርስ። አስቆላሁም፤ ሁለተኛውን ምጣድ ካሳረርኩ በኋላ።

ባለቤቴ ማዳበሪያውን ከፍታ፣ በጣቷ ቆንጥራ ቀመሰችና ብዙ ቆየች። «ስልክ አላወጣሁም» አልኳት። «የት ነበርክ ታዲያ?» «ሽምግልና ተቀምጬ።» «የማን?» እንዴት አድርጌ ልንገራት? ያን ምጥን ይሁን በርበሬ ያልለየለት ነገር ከርመንበታል፤ እንግዳ ሲመጣ «የባለቤቴ ሥራ ነው» እያለች ታቀርበዋለች።

እማማን ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሳይ ጥግ ይዤ ነበር የማልፈው። አንድ ጠዋት ግን ፊት ለፊት ያዙኝ። ስለ አተሩ መስሎኝ ነበር። «ያ ልጁስ? ስሙ የተፋቀው?» አሉኝ። በ2016 በወጣው ሦስተኛው ክፍል፣ ተጫዋቾች እሱ ነው የምንለው ስም የለሽ ንጉሥ ከአንድ ተራራ አናት ላይ፣ ማዕበል መሐል፣ ዘንዶ ላይ ተቀምጦ እንደሚገኝ ነገርኳቸው። አባቱ የፈጃቸውን ዘንዶዎች ለመወዳጀት ያለውን ሁሉ ትቷል።

«አግብቷል?»

«ጨዋታው አይናገርም፣ እማማ።»

ትንሽ አሰቡ። «አግብቷል» አሉ፤ «ሁለት ወንድ፣ አንዲት ሴት ወልዷል። የልጆቹን ስም ደግሞ አይፍቅም» ብለውኝ ወደ ገበያቸው አለፉ።