ስድስት ደቂቃ በፍራንክፈርት

የቅያሪ ባቡር ጭንቀት የሚባለው፣ አንድ መንገደኛ ከአንድ ባቡር ወርዶ ሌላውን ለመያዝ የተመደበለት ጊዜ እንደማይበቃው ሲጠረጥር፣ ግን ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ገና የሁለት ሰዓት መንገድ ሲቀረው የሚይዘው ሕመም ነው። ቀን ላይ ሕመሙ ቀላል ነው። አንዱ ባቡር ቢያመልጥ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቆይቶ ሌላ ይመጣል፤ መንገደኛውም ቡና ገዝቶ ይጠብቃል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ግን ይጠናል። ምክንያቱ የደቂቃው ማነስ አይደለም፤ ስድስት ደቂቃ በቀትርም ስድስት ደቂቃ ነው። ከዚያ ባቡር በኋላ የሚመጣ ባቡር አለመኖሩ ነው። ሕመሙ በብዙ አገር ይገኛል፤ ዋና መናኸሪያው ግን ጀርመን ነው፤ በጀርመንም የፍራንክፈርት ዋና ጣቢያ።

ኢትዮጵያዊ ወደዚህ ሕመም የሚገባው ያለ ክትባት ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ መስመሩ አንድ ብቻ ስለነበር የሚቀየር ባቡር አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዘመናት እንዲያውም ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር፤ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ እያደረ ጠዋት ይቀጥላል። የመጨረሻው ባቡር አመለጠኝ ብሎ በሌሊት የሚባንን ሰው ሊኖር አይችልም፤ ባቡሩ ራሱ ተኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ እዚያም ቢሆን የተሳፋሪው ጭንቀት መግባት መቻል አለመቻሉ እንጂ መቀየሩ አይደለም። ስለዚህ ሐበሻ ከአንዱ ባቡር ዘሎ ወደ ሌላው መሮጥን የሚማረው ሰው አገር ሄዶ፣ ጎልምሶ፣ ጉልበቱም መንቋቋት ከጀመረ በኋላ ነው።

አጭሩን የመቀየሪያ ጊዜ የሚፈጥረው ኮምፒውተር ነው። ለየጣቢያው ከባቡር ወደ ባቡር ለመሻገር ቢያንስ ስንት ደቂቃ እንደሚያስፈልግ የተመዘገበ ልክ አለ፤ ትኬት የሚሸጠው አፕ ከዚያ ልክ ያላነሰውን ቅያሪ ሁሉ ይቻላል ብሎ ያቀርባል። ልኩ የተወሰደው ጣቢያውን በሚያውቅ፣ ጤናው ደህና በሆነ፣ ቦርሳውም ላፕቶፕ ብቻ በያዘ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ኑረንበርግ ክርስትና ተጠርተው በፍራንክፈርት በኩል ወደ ጊሰን የሚመለሱ አንዲት እናት ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የሉም። በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ እንጀራ፣ በትከሻቸው ደግሞ ከአገር ቤት መጥቶ ለጊሰን ዘመድ የሚደርስ በርበሬ አለ። በርበሬ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ እንጀራ ይዞ መሮጥ ግን እንጀራውን ፍርፍር ያደርገዋል።

የምሽቱ ጥፋት ደግሞ የባቡር ኩባንያው ብቻ አይደለም። እኒህ እናት ያሰቡት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ በሚነሳው ባቡር ለመሄድ ነበር። ቡናው የተቆላው በአሥራ ሁለት ተኩል ነው። አቦሉ ሲቀዳ ያ ባቡር ሄዷል፤ ቶናው ላይ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ በረካውን ጥሎ መነሳት ደግሞ የቤቱን እመቤት ማስከፋት፣ የቤቱንም በረከት መርገጥ ነው። ቅያሪ ባቡር አለብኝ የሚል ሰበብ ደግሞ ሐበሻ ቤት ውስጥ አይሠራም። «ሌላ ባቡር የለም እንዴ?» ይባላል። አለ፤ የመጨረሻው።

እዚህ ላይ የሰዓት ጉዳይ ይነሳል። ትኬቱ 23:08 ይላል፤ ልብ ግን ከምሽቱ 5፡08 ነው ይላል። ሃያ ዓመት ጀርመን የኖረ ሰው እንኳ ሲደነግጥ ስድስት መቀነሱን ይረሳል፤ ወይም ሁለቴ ይቀንሳል። ከዚህ የሚብሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ ባቡር ነው። ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ በ00:10 የሚሄድ ሰው ትኬቱ ላይ መጻፍ ያለበት የእሑድ ቀን ነው፤ ለፈረንጅ ቀኑ ያኔ ተቀይሯልና። በሐበሻ አቆጣጠር ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የሚቀየር ነገር የለም፤ ሌሊቱ እንደሆነ ቀጥሏል። በዚህ እምነት የቅዳሜ ቀን የተጻፈበትን ትኬት ገዝቶ ቅዳሜ ማታ ጣቢያ የሚመጣ መንገደኛ፣ ባቡሩ ከሄደ ሃያ አራት ሰዓት ሆኖታል። ሩጫ የማያድነው ይህ ብቻ ነው።

ቀጥሎ መታወቅ ያለበት፣ ባቡር ዘገየ የሚባለው መቼ እንደሆነ ነው። በጀርመን ባቡር ድርጅት በዶይቸ ባን ቆጠራ፣ መዘግየቱ ስድስት ደቂቃ ያልሞላ ባቡር በሰዓቱ እንደደረሰ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከረጅም ርቀት ባቡሮቹ በዚህ ለጋስ መለኪያ እንኳ በሰዓቱ የደረሱት 62.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጭራሽ የተሰረዘ ባቡር በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገባም፤ ያልመጣ ባቡር ዘግይቶ አልመጣምና። እንግዲህ ከኑረንበርግ የሚመጣው ባቡር ፍራንክፈርት 23:02 ይገባል፣ የጊሰኑ ደግሞ 23:08 ይነሳል እንበል። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ዘግይቶ 23:07 ቢገባ በመዝገብ ላይ በሰዓቱ ገብቷል። ለመንገደኛዋ የቀራቸው ግን አንድ ደቂቃ ነው። ባቡሩ አልዘገየም፣ ሁለተኛው አልቸኮለም፣ እሳቸው ግን ቀርተዋል። ድርጅቱ ባቡሮቹን ይቆጥራል፤ መንገደኛው የሚቆጥረው ቅያሪውን ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ቀን ተገናኝተው ሰላምታ አይለዋወጡም።

የሕመሙ ምልክቶች ከኑረንበርጉ ባቡር መነሳት ጋር ይጀምራሉ። ዉርዝቡርግ ላይ መንገደኛው አፑን በየአምስት ደቂቃው ይከፍታል፤ አሻፈንቡርግ ላይ በየደቂቃው። አፑ መጀመሪያ አረንጓዴ ቁጥር ያሳያል፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ቅያሪው ምናልባት ላይገኝ እንደሚችል በጨዋ ቋንቋ ይጽፋል። ሃናው ሲደርስ ካፖርት ይለበሳል፣ ሻንጣ ይወርዳል፣ በር ላይ ይቆማል። ባቡሩ ከዚያ በኋላ እንደ ልማዱ ያዘግማል፤ ከፊቱ ያለው ሐዲድ በሌሎች ባቡሮች ስለተያዘ ጣቢያው እየታየ ሜዳ ላይ ቆሞ መጠበቁም የተለመደ ነው። በር ላይ የቆሙት ሰዎች እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ ግን ሁሉም አንዱ የሌላውን ሻንጣ መጠን በዓይኑ እየመዘነ ከማን ኋላ እንደማይቀር ያሰላል።

ልምድ ያለው ግን ቆሞ አይጠብቅም፤ በፉርጎዎቹ ውስጥ ወደፊት ይራመዳል። እ.ኤ.አ. በ1888 የተከፈተው የፍራንክፈርት ዋና ጣቢያ ሐዲዶቹ መጨረሻቸው ላይ የሚቆሙበት ጣቢያ ነው፤ ባቡሩ አፍንጫውን አስገብቶ ይቆማል፣ መንገደኛውም ወደ ሌላ መስመር የሚሻገረው በአፍንጫው በኩል ባለው ሰፊ መተላለፊያ ነው። ረጅሙ ፈጣን ባቡር ወደ 400 ሜትር ስለሚጠጋ፣ መጨረሻው ፉርጎ ላይ የተቀመጠ ሰው የስድስት ደቂቃውን ትልቅ ድርሻ የራሱን ባቡር ለማለፍ ብቻ ይጨርሰዋል። አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ባቡር ተቀጣጥሎ አንድ ሆኖ ይሄዳል፤ ያኔ በመካከላቸው ማለፊያ የለም፤ ወደፊት ሲገሰግስ የነበረ መንገደኛ ከተቆለፈ በር ጋር ይፋጠጣል። ከላይ ከ1 እስከ 24 የተቆጠሩ መስመሮች አሉ፤ ከምድር በታች ደግሞ ከ101 እስከ 104። በድምፅ ማጉያ 103 ሲባል የሰማ አዲስ መጤ ሰባ ዘጠኝ ተጨማሪ መስመሮችን ፍለጋ ወደ ቀኝ እንዳይሮጥ ይመከራል፤ ደረጃው ወደ ታች ነው።

በዚህ ሰዓት በሰው ጠባይ ላይ አስገራሚ ለውጥ ይታያል። ከሰዓት በኋላ የባቡር መዘግየትን ሲረግም የዋለ ሰው፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ቀጣዩ ባቡር እንዲዘገይ ይሳላል። የጀርመን ባቡር መዘግየት ደጋፊዎች አሉት ቢባል እነዚህ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ስለታቸው ይሰምራል፤ የዘገየው የዘገየውን ይጠብቃል፤ ሁለት ጥፋት ተደምሮ አንድ ደህና ቅያሪ ይወጣዋል።

ስለት ያላዋጣው ወደ ስምሪት ክፍሉ ያንጋጥጣል። ባቡር ይጠብቅ አይጠብቅ የሚለውን የሚወስነው ሹፌሩ አይደለም፤ በመስኮት ቢለመንም፣ እንጀራ ቢታይም፣ ሥልጣን የለውም። የስምሪት ሠራተኞች ብዙ ነገር ይመዝናሉ። ባቡሩ አምስት ደቂቃ ቢቆም ከኋላው የሚመጡት ይታገዳሉ፤ የሠራተኛው የሥራ ሰዓት ያልቃል፤ ሌሊት ሐዲድ ለሚጠግኑትም የተሰጠ ሰዓት አለ። በአንጻሩ የመጨረሻ ባቡር ከሆነና ቀያሪው ብዙ ከሆነ መጠበቁ ያዋጣል፤ አርባ ሰው ሜዳ ላይ ከማሳደር ጥቂት ደቂቃ መቆም ይረክሳል። ስለዚህ ለትኬት ተቆጣጣሪው አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው፤ ጥያቄውን ወደ ስምሪት ያስተላልፋል። ብቻውን የሚጠይቅ አንድ ሰው ነው፤ የፉርጎውን ቀያሪ ሁሉ አስተባብሮ የሚጠይቅ ግን ማኅበር ነው፤ ማኅበር ማቋቋም ደግሞ ሐበሻ የሚቸግረው ሥራ አይደለም።

ይህ ሕመም የማይገኝበት አገር ለማየት የድንበር ከተማዋን ባዝልን መሻገር ይበቃል። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ባቡሮቿን በመላ አገሪቱ በተመሳሳይ ደቂቃ ደጋግማ ታስነሳለች፤ በትላልቅ ጣቢያዎች ባቡሮች ሰዓቱ ሊሞላ ሲል ተሰብስበው ይገባሉ፣ ከሞላ በኋላ ተበትነው ይወጣሉ። ቅያሪው የዕቅዱ መነሻ ነው። ዘግይቷል የሚባለውም ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ነው። ብዙ የዘገየ የጀርመን ባቡር ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ባዝል ላይ ይገታል፤ መንገደኞቹ በስዊስ ባቡር ይቀጥላሉ፤ ተላላፊ በሽታ በድንበር ላይ የሚያዘው እንዲህ ነው። ሀንስ ሂልፊከር እ.ኤ.አ. በ1944 የነደፈው የጣቢያ ሰዓታቸው እንኳ ቀዩዋ የሴኮንድ ቆጣሪ ዙሩን በ58.5 ሴኮንድ ያህል ጨርሳ፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ቆማ የደቂቃውን ምልክት ትጠብቃለች። በዚያ አገር ሰዓቱም ሰው ይጠብቃል።

ፍራንክፈርት ላይ ግን የጊሰኑ ባቡር ቀይ የኋላ መብራት እየራቀ ሲሄድ የሚታይበት ሌሊት አለ። ጭንቀቱ ያኔ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ የሚያስጨንቀው ነገር ሄዷልና። የሚቀረው የወረቀት ሥራ ነው። ጉዞው በአንድ ትኬት የተገዛ ከሆነ ቅያሪውን የማስያዝ ኃላፊነት የድርጅቱ ነው፤ በሁለት የተለያየ ትኬት ርካሽ ለመሄድ የሞከረ ግን ራሱን ያስተናግዳል። በአንድ ትኬት የመጣ ሰው በዚያው ቀን መቀጠል ካልቻለ ማደሪያ ይሰጠዋል፤ በተወሰኑ ሁኔታዎችም እስከ 120 ዩሮ የሚደርስ የታክሲ ወጪ ይመለሳል። ብዙ ጊዜ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ታክሲ ይላካሉ። እንጀራው የሁሉም ጭን ላይ ያርፋል፤ የበርበሬው ሽታ ሲወጣ መስኮት የሚከፍተው ማን እንደሆነ የሚታወቀውም እዚያው ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ካሳ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ መድረሻው ላይ ከ60 ደቂቃ ጀምሮ ለዘገየ መንገደኛ የትኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ ከ120 ደቂቃ ጀምሮ 50 በመቶ ይመለስለታል፤ የአየሩ ክፋት ወይም ሐዲድ ላይ የገባ ሰው ያመጣው መዘግየት ግን ላይከፈልበት ይችላል። የሚያሳዝነው ቅያሪው አምልጦት፣ እንደ ዕድል ሌላ የዘገየ ባቡር አግኝቶ፣ በ58ኛው ደቂቃ የሚደርሰው ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተሰቃይቶ የሚያገኘው ምንም የለም። እንዲህ ያለው ባቡር መድረሻው ሊገባ ሲል ቀይ መብራት ይዞት ሲቆም፣ ሁሉም ተሳፋሪ ሲያጉረመርም አንዱ ብቻ ሰዓቱን አይቶ ፈገግ ካለ፣ ደንቡን ያነበበው እሱ ነው።