ከተበሉ በኋላ የሚታወስ ሕግ

ሕግ የሚወጣው ምክር ቤት ውስጥ ብቻ የሚመስለው ሰው፣ ጉብሬ ይምጣና ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ወጣ ብሎ ዳማ የሚጫወቱትን ይይ። 12 ቆርኪ በፊቱ፣ 12 ቆርኪ በጀርባው ይሰለፋል፤ ሕጉ ግን ገና አልተረቀቀም። የሚረቀቀው አንዱ ሦስት ቆርኪ ባንድ ጊዜ ጠርጎ ሲበላ ነው። ያኔ የተበላው «ተራ ቆርኪ ወደ ኋላ አይበላም!» ብሎ ያውጃል። ቅድም ራሱ ወደ ኋላ በልቶ የለም እንዴ? ነበር፤ ግን ያ በቀድሞው ሕገ መንግሥት ነው።

ሆላንዶች በሚወዱት ባለ 100 ቤት ዓለም አቀፍ ዳማ ተራው ጠጠር ወደ ኋላ ይበላል፤ ብዙ የሚያስበላውን መንገድ መከተልም ግዴታ ነው። በእንግሊዞቹ ባለ 64 ቤት ወደ ኋላ የሚበላው ንጉሥ ብቻ ነው። ጣሊያኖቹ ዘንድ ደግሞ ተራ ጠጠር ንጉሥ አይደፍርም። የኛ ሰው አስተዋይ ነውና ባንዱ ራሱን አያስርም። ሲበላ ሆላንድ፣ ሲበሉት እንግሊዝ፣ ንጉሡ ሲከበብ ጣሊያን ይሆናል።

ዳኛ አልጠፋም፤ ከበው የቆሙት ሁሉ ዳኞች ናቸው። በተለይ የሻይ ሒሳቡ በማን እንደሚወድቅ ቀድሞ ያሰላው ሰው ምስክርም፣ ዳኛም፣ ይግባኝ ሰሚም ነው። ነገሩ ከከረረ «መርካቶ እንዲህ ነው የሚጫወቱት» ይባላል፤ መርካቶ ሰበር ሰሚ ችሎት ናት፣ ከሷ በላይ የለም።

ምስኪን የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሌዎች! በየጆካ ሸንጎ ተቀምጠው፣ ግራ ቀኙን አዳምጠው፣ በባህላዊው ሕግ በቂጫ ሲዳኙ ኖሩ። ጮኾ ገበታውን መገልበጥ የሚባል የተፋጠነ ችሎት እንዳለ ማን በነገራቸው!

የድሮ ሰዎች ግርግር አያውቁም ማለቴ አይደለም። በጥንቱ የአገራችን ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ መጀመሪያ ላይ ወረራ ነበር፤ ሁለቱም ተራ ሳይጠባበቁ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ግን ግርግሩ ያበቃና ተራ ይያዛል። እኛ አሻሻልነው፦ እስክንበላ በተራ፣ ከተበላን ወዲያ ወረራ።

ሕጉ ከጨዋታው በፊት ካርቶን ላይ ይጻፍ የሚል የዋህ አይጠፋም። ይጻፍ እንጂ፣ ማን ጠላ! ብቻ በእርሳስ ይሁን፤ ላጲሱም ከሚሸነፈው ዘንድ ይቀመጥ።